የሰፈር ሕሙማንን የመጠየቅ አሠራር

አገልግሎት ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ዐውደ ምሕረቱ ነው፤ መዘመር፣ መስበክ፣ ቢበዛ ምንጣፍ ማንጠፍ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ የሚቆጥራቸው ግን የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ የሆነ፣ የታረዘ፣ የታመመና የታሰረ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዐውደ ምሕረት ላይ አይገኙም፤ መምጣት አይችሉማ። የሚገኙት ከግቢያችን በር ብዙም በማይርቅ ጓዳ ውስጥ ነው።

ይህ መመሪያ አንድ ትንሽ ቡድን በራሱ ሰፈር የታመመ፣ አልጋ ላይ የዋለና ያዘነ ሰውን እንዴት እንደሚጠይቅ ያሳያል። የተጻፈው ጽዋ ማኅበር ወይም ሰንበቴ ላላቸው የተዋሕዶ ምእመናን ነው፤ ሌላውም ክርስቲያን ከጾሙና ከማኅበሩ ቀን በቀር የቀረውን እንዳለ ሊሠራበት ይችላል። ለአንድ ቀን መሮጥ ማንንም አያቅተውም። የሚያቅተው በ12ኛው ወርም እዚያው ደጃፍ መገኘት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የታሰበው እሱን ይዞ ነው።

ቡድኑና ቀኑ

ከ4 እስከ 6 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ሁሉም «ሌላው ይሄዳል» እያለ ይቀራል። ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች፣ ሁለቱ ወንዶች ይሁኑ፤ ገላ ማጠብ ሲመጣ እናትን ሴት፣ አባትን ወንድ ነው የሚያጥበው።

አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ። ስም፣ ማኅተምና ቲሸርት ከተጀመረ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ባላችሁበት ጽዋ ማኅበር ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ጉዳዩን ይወቀው፤ በየወሩ በማኅበሩ ቀን፣ በ12ም ይሁን በ21፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ከተላለፈ በኋላ ሰው ሳይበተን 10 ደቂቃ ስለ ሥራው ይነገር።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተከፈሉ። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን የላካቸው እንደዚያ ነው፤ ምክንያቱም ለእኛ ግልጽ ነው፦ አንዱ ሲታመም ሌላው ይሄዳል፣ የወጣ ገንዘብ ምስክር ይኖረዋል፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት አንድ ሰው ብቻውን ገባ ተብሎ አይታማም። ሁለቱ ሁለት ቤት ይያዙ። 6 ሰው ቢሆን 6 ቤት ማለት ነው፤ አይብዛ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የፋሲካ ሰሞን 15 ቤት ይመዘገባል፣ ሰኔ ሲገባ ዝናብና ፈተና ይመጣል፣ ሐምሌ ላይ የሚሄድ የለም። ተጀምሮ የተተወ ሕመምተኛ ጨርሶ ካልተጠየቀው ይልቅ ይጎዳል፤ በር በር እያየ ይውላልና።

ቀኑና ሰዓቱ ይታወቅ። ለምሳሌ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ሕመምተኛው ቅዳሜን እንዲጠብቅ፣ አስታማሚውም በዚያ ሰዓት ገበያ እንዲወጣ ይረዳል። መምጣት የማይቻል ከሆነ ዋዜማውን በስልክ ይነገር።

ሰዎቹን ማግኘት

ጠያቂ የሌለው ሰው «ጠያቂ የለኝም» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ ሰፈሩን የሚያውቁትን ጠይቁ። የእድሩ ጸሐፊ መዋጮ ማን ሦስት ወር እንዳቋረጠ ያውቃል፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ ሕመም አለ። እንጀራ ሻጯ ማን ከአራት ወደ ሁለት እንደወረደ ታውቃለች። ባለሱቁ ራሱ ይመጣ የነበረው ሽማግሌ ዳቦ በልጅ ማስገዛት ከጀመረ ስንት ሳምንት እንደሆነው ይነግራችኋል። የንስሐ አባቶችንም አነጋግሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ስለ ማንም ሕመም አትጠይቋት፤ ልትነግራችሁም አይገባም። እናንተ መኖራችሁንና ቀናችሁን ብቻ ንገሯት፤ ባለቤቱ ከፈቀደ እሷ ትልካችኋለች።

የመጀመሪያው ጉብኝት

ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ያስተዋውቃችሁ። 20 ደቂቃ ብቻ ቆዩ፤ ይዛችሁ የምትሄዱት ነገር ትንሽ ይሁን፣ ዳቦ ወይም ግማሽ ኪሎ ቡና። በመጀመሪያው ቀን ዘይትና ዱቄት ተሸክሞ መግባት ሰውየውን ተረጂ፣ እናንተን ሰጪ አድርጎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ወሬያችሁ ሁሉ ስለ ዕቃ ይሆናል።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ማን አብሮዎት ያድራል? ትናንት ምን በሉ? መድኃኒቱን ማን ያመጣልዎታል? የቤቱ ችግር ከእነዚህ አያልፍም። ዓይናችሁ ደግሞ ውኃው የት እንደተቀመጠ፣ መጸዳጃው ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ማታ የሚበራ መብራት መኖሩን ይይ። በዚያ ቀን ምንም ቃል አትግቡ። «እናመጣለን» የተባለ ነገር ሳይመጣ ሲቀር የሚጠፋው እምነት በዘይት አይመለስም።

ሆስፒታል ከሆነ የጥየቃ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቂ ነው። አልጋው ላይ አትቀመጡ፣ ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን ታጠቡ፣ ጉንፋን የያዘው ከእናንተ ይቅር። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ቤት ከሆነ መስኮትና በር ክፈቱ፤ ሕክምናው በደንብ ከተያዘ መተላለፉ በፍጥነት ይቀንሳል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ሰው የሚያቋርጠው በ2ኛው ወር ገደማ ሻል ሲለው ነው። ጠያቂ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው።

ምን ይያዝ

ደጋፊ ለሌለው አንድ አረጋዊ በየወሩ ይህ ይበቃል፦ ሽሮ 1 ኪሎ፣ ምስር ወይም ክክ 1 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ቡና ግማሽ ኪሎ፣ የልብስ ሳሙና 2፣ የገላ ሳሙና 1። ጤፍ ዱቄት አትውሰዱ። መጋገር ለማይችል ሰው ዱቄት ጥግ ተቀምጦ የሚነቅዝ ነገር ነው። ከእንጀራ ሻጯ ጋር ተነጋግራችሁ የወሩን ክፈሉና በየቀኑ ሁለት እንጀራ በልጅ ትላክ።

ምግብ ከመያዛችሁ በፊት ሐኪም የከለከለው እንዳለ ጠይቁ። ስኳር ላለበት ማርና ለስላሳ፣ ግፊት ላለበት ጨው የበዛበት ወጥ እንደማይሆን ብዙው ሰው ያውቃል። የማይታወቀው የኩላሊቱ ነው፤ ጠያቂ ሁሉ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚገባው ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም ስለሚበዛበት ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጾም የሚወስነው የንስሐ አባቱ ነው፤ እናንተ ለሕመምተኛው ጾም አትፍቱለት፣ አትጫኑትም። ካላወቃችሁ የጾም ምግብ ያዙ። የምትጠይቁት ጎረቤት ሙስሊም ከሆነ ሥጋና ሥጋ የነካው ወጥ አይያዝ፤ ቡና፣ ስኳር፣ ዳቦና ፍራፍሬ ሁሉም ቤት ይገባል። በነገራችን ላይ ሙስሊም ጎረቤትን መጠየቅ የዚህ ሥራ ተጨማሪ ሳይሆን ዋናው አካል ነው፤ ወንጌሉ ላይ የታመመው ሰው ሃይማኖት አልተጻፈም።

አጥሚት ስትሠሩ ለአንድ ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፤ በፈላ ውኃ ላይ ቀጥታ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ከዚያ በግማሽ ሊትር የፈላ ውኃ ላይ እያማሰላችሁ 15 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ሕመምተኛው ስትሮክ የመታው ከሆነና ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ማጠጣቱን አቁሙና ለባለሙያ ንገሩ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል። ማንንም ተኝቶ አታጉርሱ። ቀና ብሎ ይብላ፣ ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ ቀና እንዳለ ይቆይ።

ተቅማጥ ከሆነ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥ፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ከሌለ በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ጨው ከበዛ ይጎዳል፤ ቀምሳችሁ ከእንባ በላይ የሚጨው ከሆነ ድፉት።

ገላ ማጠብና አንሶላ መቀየር

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው፣ ከሁሉ ይልቅም የሚሸሸው ሥራ ይህ ነው። ጌታ እግር ያጠበው በምሳሌ ብቻ እንዲቀር አይመስለንም።

የምትይዙት፦ ሁለት ሳፋ፣ ሦስት ጨርቅ (ለፊት፣ ለገላ፣ ለታች)፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ጓንት፣ ሁለት አንሶላ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ላስቲክ፣ በጀሪካን ለብ ያለ 10 ሊትር ውኃ። የውኃውን ሙቀት በክርናችሁ ለኩ፤ መዳፍ ሙቀት ስለለመደ ያታልላል።

በሩን ዝጉ፣ የምታጥቡትን ክፍል ብቻ ግለጡ፣ የቀረው ተሸፍኖ ይቆይ። ልታደርጉ ያሰባችሁትን ሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ «አሁን እግርዎን እናነሣለን፣ እማማ» ማለት ሰውየው መናገር ባይችልም እንኳ ያስፈልጋል። ዓይን ያለ ሳሙና ከአፍንጫ ወደ ውጭ፣ ቀጥሎ ፊት፣ ክንድና ብብት፣ ደረት፣ ሆድ፣ እግር። ውኃው ይቀየር። ከዚያ ጀርባ፣ በመጨረሻም በሦስተኛው ጨርቅ ታችኛው ክፍል፤ ለሴት ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ። ከጡት ሥር፣ ከብሽሽትና ከእግር ጣቶች መካከል እርጥበት አይቅር፤ ቆዳ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አንሶላውን ሕመምተኛውን ሳታነሡ ለመቀየር፦

1. አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይቁም። በቀኝ ያለው የሕመምተኛውን ትከሻና ዳሌ ይዞ ወደ ራሱ በጎን ያስተኛው። ክንድ ይዞ መጎተት የለም፤ ትከሻ ይወልቃል።

2. በግራ ያለው አሮጌውን አንሶላ በርዝመቱ እየጠቀለለ እስከ ጀርባው ያስጠጋው።

3. አዲሱ አንሶላ፣ በላዩም ላስቲኩና አንድ የታጠፈ ጨርቅ፣ ባዶ በሆነው ግማሽ ፍራሽ ላይ ይነጠፍ፤ የተረፈው ግማሽ ተጠቅልሎ ከአሮጌው ጎን ይቀመጥ።

4. ሕመምተኛው ጥቅሎቹን ተሻግሮ በግራ ወዳለው ይገልበጥ። በቀኝ ያለው አሮጌውን ያውጣ፣ አዲሱን ስቦ ያንጣፈው።

5. ጭምድድ ያለውን ሁሉ ስባችሁ አስተካክሉ። ለእኛ ምንም ያልሆነች አንዲት እጥፋት አልጋ ላይ ለዋለ ሰው በአንድ ሌሊት ቁስል ትሆናለች።

ሳታለብሱት በፊት ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌ፣ የጭራ አጥንት፣ ትከሻና ክርን አንድ በአንድ ይታዩ። መቅላት የሚለው ምልክት ጠይም ቆዳ ላይ ብዙም አይታይም። ስለዚህ በጣታችሁ ነክታችሁ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር አወዳድሩ፤ ጠቆር ያለ፣ የሞቀ ወይም ጠንከር ያለ ከሆነ ቁስል እየጀመረ ነው። ቦታውን አትሹት፤ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ የበለጠ ይቀደዋል። ጨርቅ እንደ ቀለበት ጠቅልሎ ከሥሩ ማድረግም ደሙን ስለሚያንቅ ይብሳል። መፍትሔው ከዚያ ጎን ማንሣት ነው፤ ትራስ ከባት ሥር አድርጋችሁ ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል። ቆዳው ከተከፈተ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የአስታማሚው ሥራ ነው፤ እናንተ በሳምንት አንዴ ናችሁ። ስለዚህ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ 12 ሰዓት ቀኝ፣ 2 ሰዓት ጀርባ፣ 4 ሰዓት ግራ፣ እንዲሁ እየቀጠለ። እናንተ ባላችሁበት ሁለት ሰዓት ደግሞ አስታማሚዋ ትውጣ። ቤተ ክርስቲያን ትሳም፣ ፀጉሯን ትሠራ፣ ትተኛ። አልጋ ላይ ያለው ጠያቂ ሲኖረው እሷን ግን «በርቺ» ከማለት በቀር የሚጠይቃት የለም።

መድኃኒትና ጠበል

ይህን ጉዳይ አትሽሹት፤ ብዙ ነፍስ የሚጠፋበት ነው። ሕመምተኛው ጠበል ሲጀምር የኤችአይቪ፣ የነቀርሳ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ያቆማል። ክርክር አትግጠሙ፤ «እምነት የላችሁም» ተብላችሁ ትወጣላችሁ። የንስሐ አባቱን ይዛችሁ ሂዱና እሳቸው ይንገሩት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል፤ ይህንንም አስታውሱ። ወደ ጠበል ቦታ የሚሄድ ከሆነ የሚቆይበትን ቀን የሚሸፍን መድኃኒት ቆጥራችሁ ውኃ በማይገባው ነገር አሽጉለት። ኢንሱሊን ከሆነ እንዳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ትንሽ እንስራ ይቀመጥ።

ጸሎትና ንግግር

«እንጸልይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እሺ ካለ አቡነ ዘበሰማያትና «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር ይበቃል። ከ5 ደቂቃ አይለፍ። አልጋ ላይ ያለ ሰው ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ የግማሽ ሰዓት ስብከት ለእሱ እስር ነው። ቀንዲል፣ የሕሙማን የቅባት ጸሎት፣ እንዲደረስለት ከፈለገ ካህን ጥሩለት።

«የኃጢአትህ ውጤት ነው»፣ «ምንም የለብህም»፣ «እገሌም እንዲሁ ጀምሮት ነው የሞተው» አይባልም። ሦስተኛው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ግን በየቤቱ ይባላል። እርዳታውንም ቤተ ክርስቲያን ከመምጣት ጋር አታያይዙት። ስለ እምነታችሁ ስትጠየቁ መልሱ፣ ካልተጠየቃችሁ እጠቡ። ፎቶ አይነሣም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይወጣም፤ የታመመውም ቢፈቅድ እንኳ፣ እምቢ ማለት የማይችልበት ቦታ ላይ ነውና ያለው።

ለቅሶና እስር

ለቅሶ ቤት እስከ ሣልስት ሰው አይጠፋም፤ እናንተ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ሂዱ። በ2ኛው ሳምንት፣ ከአርባው ማግስት፣ ከዚያም በየወሩ። በዚያ ጊዜ የሚጠቅመው ጽሕፈት ቤት አብሮ መዞር ነው። ሞት በሕጉ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ያለ ሞት የምስክር ወረቀት የተተኪ ጡረታም፣ የባንክ ገንዘብም፣ የውርስ ጉዳይም አይንቀሳቀስም። ባሏ የሞተባት እናት ይህን ሁሉ ለብቻዋ ስትዞር ሐዘኗ ወረፋ ላይ ያገኛታል። አንዱ ይሰለፍላት፣ ሌላው ኮፒ ያስነሣ። ልጆች ውጭ አገር ከሆኑ በጉብኝቱ ሰዓት በቪዲዮ ይደወልላቸው፤ የሚልኩት ገንዘብ ግን በእናንተ እጅ አይለፍ።

ማረሚያ ቤት ለመሄድ መታወቂያ፣ የታራሚው ሙሉ ስምና የጥየቃው ቀን ያስፈልጋል፤ ቀኑ እንደየቦታው ይለያያል። ምግቡ በሚያሳይ ላስቲክ ዕቃ ይሁን፣ ብርጭቆና ብረት አይኑርበት፤ ፍተሻ ላይ ቅመሱ ልትባሉ ትችላላችሁና ርቧችሁ ሂዱ። ስለ ክሱ አትጠይቁ፣ ደብዳቤም መልእክትም በድብቅ አታውጡ።

ደብተሩ

አንድ ደብተር ይኑር፤ ቀን፣ የቤቱ ምልክት፣ ማን ሄደ፣ ምን ተወሰደ፣ ለሚቀጥለው ምን ይፈለጋል። የሕመሙ ስም አይጻፍ፤ ደብተር ይጠፋል። ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ፣ ደረሰኝ ይለጠፍ። ብድር የለም፤ ተበዳሪ ከእናንተ መደበቅ ሲጀምር ጥየቃው ያበቃል። ትልቅ ወጪ ሲመጣ፣ እንደ ቀዶ ሕክምና ያለ፣ የቡድኑ ገንዘብ ስለማይችለው ከኪሳችሁ አትሙሉ፤ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መመዝገቡን አጣሩ፣ መክፈል የማይችል ከሆነ በቀበሌው በኩል ተመርጦ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት መንገድ አለ። ጉዳዩን ለማኅበሩ አቅርቡ።

ሕመምተኛው ሲያርፍ ቤቱ ከደብተሩ አይሰረዝም። ከቤቱ ምልክት አጠገብ ያረፈበት ቀን ይጻፍ፣ በቀጣዩ መስመር የአስታማሚዋ ስም ይግባ፤ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ሁለታችሁ በዚያው በር ትቆማላችሁ።